ልቀቃት፣ ራሷ ትወጣለች

«ልቀቃት እንጂ! ራሷ ትወጣለች» አለኝ ወዳጄ። ሁለት እጁን ኪሱ ከቷል። እኔ መሰላል ላይ ነኝ። በአንድ እጄ የጽጌረዳዋን ቅርንጫፍ፣ በሌላው ሽቦውን ይዣለሁ፤ የማሰሪያው ጨርቅ ጥርሴ ላይ ነው። መልስ መስጠት አልችልም። መካሪ ደግሞ መቼ እንደሚመጣ ያውቅበታል።

ይህ ሰው በዕድሜው አንዲት ቅጠል አላበቀለም። ሐሜት አይደለም፤ ራሱ ነው የነገረኝ። «እኔ እንኳ የአትክልት ነገር አይሆንልኝም፣ ግን...» ብሎ ነው የጀመረው። ከ«ግን» በኋላ ያለው ምሳ ሰዓት ደረሰ።

ነገሩን ላስረዳ። አጥር ላይ ትወጣለች ተብላ የምትሸጠው ጽጌረዳ በራሷ አትወጣም። ወይን የሚጠመጠምበት ክር አለው። ግድግዳ ላይ የሚሳቡ አንዳንድ ሐረጎችም የሚጣበቁበት ሥር አላቸው። እሷ ሁለቱም የላትም። ያላት እሾህ ብቻ ነው። ዱር ውስጥ ብትሆን አጠገቧ ያለውን ቁጥቋጦ በእሾኋ እየነከሰች ወደ ብርሃን ትሄዳለች። ልሙጥ ግንብ ላይ ግን የሚነከስ ነገር የለም። ስለዚህ የምነከሰው እኔ ነኝ።

እሾኋን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ጫፉ ወደ ታች የታጠፈ ነው። እጅጌ ሲይዝ ሰው ሁሉ በደመ ነፍስ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ያኔ ይብስ ይገባል። መላው ወደ እሷ ገፋ ማድረግ ነው። ጠጋ ሲሏት ትለቃለች። ይህን ለወዳጄ ብነግረው ስለ ትዳር ምክር ይጀምርልኝ ነበርና ተውኩት።

እሺ፣ ልልቀቃት እንበል። ቀጥ ብላ ወደ ላይ ትተኮሳለች። ታቿ ባዶ ይቀራል፤ አበባው ሁሉ አናቷ ላይ ይሆናል። ያንን የሚያየው ወፍና ፎቅ ላይ ያለ ጎረቤት ነው። ምክንያቱ ኦክሲን የሚባል የእድገት ሆርሞን ነው። ጫፍ ላይ ያለችው ቡቃያ ይህን ወደ ታች እየላከች ከሥሯ ያሉት እንዳይነቁ ታደርጋለች። ቅርንጫፉ አግድም ተኝቶ ሲታሰር ግን የጫፏ ሥልጣን ይላላል። በየአንጓው የተኙት ይነቃሉ፤ አጫጭር የጎን ቅርንጫፍ ያወጣሉ፤ አበባው የሚመጣው እነሱ ላይ ነው። አለቃው ለስብሰባ ሲወጣ ሥራ የሚጀምር መሥሪያ ቤት ያየ ሰው ኦክሲን ምን እንደሆነ ማወቅ አያስፈልገውም።

ማሰርም ቢሆን ማነቅ አይደለም። ጨርቁ በሽቦውና በቅርንጫፉ መሀል የ8 ቁጥር ቅርጽ ይዞ ይዞራል። ቅርንጫፉ ነገ ሲወፍር መተንፈሻ ያስፈልገዋል። ለዚህ አሮጌ ካናቴራን የሚያህል የለም፤ ይለጠጣል፣ ልጡን አይልጥም። ጥድፍ ጥድፍ ብሎ ያሰረ ሰው በመጀመሪያው ነፋስ ቅርንጫፉን መሬት ላይ ያገኘዋል።

እዚህ ላይ የምወደውን ተረት ካልጠቀስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እኔ ይህን ለሁሉም ነገር አውለዋለሁ። ለጫማ ክር። በሳምንት ትውውቅ ለሚጋቡ። ለምርቃት ቀን ሲባል ሌሊቱን ቀለም ሲቀባ ላደረ ሕንፃ። «ሰዓት ስለሌለን ባጭሩ እንቋጨው» ተብሎ ለተቋጨና በሳምንቱ እንደገና ለሚጠራ ስብሰባ። አንዴ እንዲያውም ለቅሶ ቤት ውስጥ አምልጦኝ ሰዎች ገላምጠውኛል።

መካሪዎችም የራሳቸው ተረት አላቸው። እሱን ግን አልወደውም። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው።» ልብ ብላችሁ ስሙት። ምክሩ ትክክል ነው ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። መካሪው ሁለቴ ይናገራል፤ የቀረውን ለመከራ አስረክቦ ይሄዳል። ሰሚው ጠየቅ ካደረገ እምቢተኛ ነው። መካሪውንስ ማን ይምከረው? አባቶቻችን ለሁሉም ነገር ተረት አላቸው፣ እዚህ ጋ ሲደርሱ ዝም ብለውኛል።

እውነቱን ለመናገር ያናድዳል። አንዲት ዘመዴ «ማታ ማታ ቅጠሏን በውሃ እጠብላት፣ ደስ ይላታል» አለችኝ። ደስ የሚለው ፈንገሱን ነው። የጽጌረዳ ቅጠል ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያወጣው ፈንገስ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ የሚያድር ቅጠል። ነጠብጣቡ ይሰፋል፣ ዙሪያው ቢጫ ይሆናል፣ ቅጠሉ ይረግፋል። ውሃ በጠዋት ነው፤ እሱም ሥሯ ላይ።

ሌላው ደግሞ አዲስ ቀንበጥ ላይ የተሰገሰገ ክሽክሽ የሚባል ደቃቅ ተባይ ያያል። ወዲያው «መድኃኒት ንፋባት!» በጣት ጠረግ ቢያደርጉት የሚረግፍ ነገር ነው። መድኃኒት የተባለው መርዝ ክሽክሹን የሚበላውን ባለ ነጠብጣብ ቀይ ጥንዚዛ አብሮ ይገድላል። ከዚያ ክሽክሹ ይመለሳል። ጥንዚዛው ቶሎ አይመለስም። መካሪው ጭራሽ አይመለስም። ቅጠል ከረገፈ በኋላ መጥቶ «ያኔ ያልኩህ ነገር ልክ አልነበረም» ያለ ሰው ካለ አሳዩኝ፤ ጠላ ጠመቃ አይሆንልኝም እንጂ ድግስ እደግስለት ነበር።

የባሰው ግን ገና ነው። ወዳጄ ከመሰላሉ ሥር ቀና ብሎ «ሮዝ ናት አላልክም እንዴ? ይቺ እኮ ነጭ ናት!» አለ።

ጨርቁን ከጥርሴ አወጣሁት።

ይቺ ኒው ዶውን ናት። ስትፈነዳ ፈዘዝ ያለች ሮዝ ናት፤ ፀሐይ ሲበረታባት እየነጣች ትሄዳለች። የመጣችው ዶክተር ደብሊው ቫን ፍሊት ከምትባል ሌላ ጽጌረዳ ነው። ያቺ በዓመት አንዴ አብባ ታበቃለች። ከእሷ ላይ ግን በተፈጥሮ ለውጥ አበባዋን የምትደጋግም ተገኘች። እ.ኤ.አ. በ1930 አሜሪካ ውስጥ የአዲስ ተክል ባለመብትነትን የሚያስጠብቅ ሕግ ወጣ። በ1931 ሄንሪ ቦሰንበርግ የተባለ ሰው ለዚችው ጽጌረዳ ፓተንት አወጣ፤ የተክል ፓተንት ቁጥር 1። በዓለም ላይ ስንት እህል፣ ስንት ፍራፍሬ እያለ ቁጥር አንዱን የወሰደችው እሷ ናት። በ1997 ደግሞ የዓለም የጽጌረዳ ማኅበራት ፌዴሬሽን የክብር መዝገቡ ውስጥ አስገብቷታል። የኔ ወዳጅ ግን ነጭ ናት ብሏል።

ይህን ሁሉ ሰምቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እንግዲያው አንድ ቅርንጫፍ ቁረጥልኛ!» የአትክልት ነገር የማይሆንለት ሰውዬ! የዚያ ፓተንት ፍሬ ነገሩ እኮ ይኸው ነው፤ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ቅርንጫፍ ቆርጦ ማራባት ክልክል ነው። በ1931 ቢሆን ኖሮ ሕግ ከቦሰንበርግ ጎን፣ እኔም ከሕጉ ጎን እቆም ነበር። ምን ያደርጋል፣ ጊዜው ካለፈ ቆየ።

ያላለፈው ከሻጩ ጋር ያለኝ ቂም ነው። ወረቀቷ ላይ «ለጠባብ ግቢ ተስማሚ» ይላል። ይቺ እኮ ደጋፊ ካገኘች 5 ሜትር የምታልፍ ናት። የኔ ግቢ ደግሞ ሁለት ሰው ቆሞ ለማውራት አንዱ መሰላል ላይ መውጣት ያለበት ግቢ ነው። ስገዛት «ምን ያህል ትረዝማለች?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። «እንደ አያያዝዎ ነው» አለኝ። እንደ አያያዝዎ! በዚህች ቃል ስንቱ ነገር ተሸጠ። ጫማው፣ ስልኩ፣ አሮጌው መኪና። ዕቃው ሲበላሽ ጥፋቱ የገዢው እንዲሆን አስቀድሞ የተፈረመ ውል ማለት ነው። ስለዚህ እኔ በየዓመቱ መቀስ ይዤ እይዛታለሁ። የጎን ቅርንጫፎቿን ሁለት ሦስት ቡቃያ አስቀርቼ እቆርጣለሁ፤ ዋናዎቹን አልነካም፤ አንዱ አርጅቶ አበባ እምቢ ሲል ብቻ ከሥሩ አወጣዋለሁ። ሻጩ ግን በሩ ላይ ያችኑ ወረቀት ለጥፎ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ምክር። ሳይጠየቁ የሚመክሩ ሰዎች... በቃ፣ ታውቋቸዋላችሁ። አሁን ከእነሱ የባሰ ጉዳይ አለብኝ።

ሽቦዎቹ በ40 ሳንቲሜትር ልዩነት አግድም ተወጥረዋል። አየር እንዲያልፍ ከግንቡ ትንሽ ራቅ ብለዋል። ጎረቤቴ ይህን ሲያይ የታየው ጽጌረዳ አይደለም፤ የልብስ ማስጫ ነው። ትናንት እኔ በሌለሁበት ነጭ ሸሚዙን አሰጣበት። ነፋስ መጣ፣ ሸሚዙ ቅርንጫፉ ላይ ተጠመጠመ። ሊያነሳው ሲሞክር ወደ ኋላ ጎተተው። ጀርባው ከአንገትጌው እስከ ታች ተተርትሯል። አሁን በር ላይ ቆሞ ሸሚዜን ክፈለኝ ይላል። ቀድሞ ቢጠይቀኝ ኖሮ ወደ እሷ ገፋ አድርገው ብዬ እመክረው ነበር።