የእንግዳ ትራፊ

ባለፈው እሑድ ሊጠይቀኝ የመጣ አንድ እንግዳ ከተቀዳለት ውሃ ግማሹን ጠጣና ብርጭቆውን እንደያዘ ተነሥቶ በረንዳ ላይ ወደሰቀልኋት ቤጎንያ ወደምትባል አበባዬ ሄደ፤ «ምስኪን፣ ጠምቷት!» እያለም ትራፊውን ከአናቷ ላይ አፈሰሰው። እኔም ይሉኝታ ይዞኝ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልሁ።

ቤጎንያን ከጥማት ይልቅ ርኅራኄ ይገድላታል። ግንዷ ውሃ የቋጠረ ነው፤ አፈሯ ሁልጊዜ ጨቅይቶ ከቆየ ሥሯ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሏ ልክ እንደተጠማች ሁሉ ይጠወልጋል፤ ይህን ያየው ሩኅሩኅ ሰው አዝኖ ሌላ ብርጭቆ ይጨምርላታል። ከቅጠሏ ላይ የሚያድረው ውሃም ግራጫ ሻጋታ ይጋብዛል። ሰው በገዛ ደግነቱ ነፍስ አጥፍቶ «ብዙ ደከምሁላት፣ አልሆነላትም» ብሎ ሲያዝን መስማት ያበሳጫል፤ ሐዘንተኛው ራሱ ገዳዩ ነውና።

«ሲያጌጡ ይመላለጡ» የሚለውን ተረት ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ በራሴ ላይ ስለደረሰ ይሆናል። ቤጎንያ ለስላሳ የጠዋት ፀሐይና ከዚያ በኋላ ጥላ ይበቃታል። እኔ ግን አንድ ጊዜ አላፊ አግዳሚው ያድንቅልኝ ብዬ ከጥላው መደብ ነቅዬ የቀትር ፀሐይ ከሚያርፍበት አጥር ሥር ተከልኋት፤ በሳምንቱ የቅጠሎቿ ጠርዝ እሳት እንደላሰው ወረቀት ቡናማ ሆኖ ተኮማተረ። አላፊ አግዳሚው በእርግጥ አያት።

ከአላፊዎቹ አንዱ የቀድሞ ጎረቤቴ ነበር፤ በእሱ ላይ ያለኝ ቂም ደግሞ የቆየ ነው። በሌላ ጊዜ፣ ቤጎንያዬ ደልቷት ሳለ፣ ሰው በተሰበሰበበት «ይህች እኮ ሁለት ተክል ናት፤ አንድ ላይ አስረሃቸው ነው» አለኝ። ማስረጃው በአንዱ ግንድ ላይ ድርብርብ ትልቅ አበባና ከጎኑ ነጠላ ትንሽ አበባ መታየቱ ነበር። ቤጎንያ ግን ወንዴና ሴቴ አበባዎቿን ለየብቻ በአንድ ተክል ላይ ታወጣለች፤ ያ የተደራረበው ወንዴው ነው፣ ሴቴዋ ደግሞ ከአበባ ቅጠሎቿ ጀርባ ባለው ባለ ክንፍ ዘር መያዣ ትታወቃለች። ይህን እያሳየሁ ብለምነውም ሳቀብኝ እንጂ አልተመለከተም። እስከ ዛሬም ይቅርታ አልጠየቀኝም።

ከሁሉም የሚገርመኝ ስሟ ነው። ከ2,000 በላይ የሚሆኑት ዝርያዎቿ በጠቅላላ የሚጠሩት በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኖረ ሚሼል ቤጎን በተባለ ፈረንሳዊ ሹም ሲሆን፣ ስሙን የሰጣት ሻርል ፕሉሚዬ የተባለ መነኩሴና የዕፅዋት ሊቅ ነው፤ የዕፅዋትን ስም አሰጣጥ ሥርዓት ያስያዘው ስዊድናዊ ሊቅ ሊኔየስም በ1753 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስሙን አጸደቀው። ሹሙ ዕፅዋት ወዳድና የመነኩሴው ደጋፊ ነበር ይባላል፤ በበረንዳው ቤጎንያ ሰቅሎ ሲያጠጣ ግን ያየው ሰው አልሰማሁም። ወዳጅ ያለው ሰው እንዲህ ባለ አበባ ይጠራል፤ በየማለዳው ጣቱን አፈር ውስጥ እየከተተ እርጥበት የሚለካው ግን ስሙን የሚያነሣለት የለም።

እንግዳዬን ረሳሁት። ረቡዕ ዕለት ደውሎ «አበባዬ እንዴት ናት?» አለኝ፤ «አበባዬ» ነው ያለው። ደኅና ናት ብዬ ዘጋሁት። እውነቱን ለመናገር ግን ከእሑድ ወዲህ በእልህ አንዲት ጠብታ አላጠጣኋትም ነበር፤ የተሰቀለ ቅርጫት ደግሞ ነፋስ ከየአቅጣጫው ስለሚያገኘው ከመደብ ይልቅ ፈጥኖ ይደርቃል። ጣቴን ብከትተው እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ዐመድ ነው። ውሃ መቅጃ ፈልጌ ዞር ብል ከበረንዳው ጠርዝ ላይ ያገኘሁት የእሱን ብርጭቆ ነበር፤ በዚያው ቀዳሁና ቅጠሏን ሳልነካ፣ ከሥር እስኪንጠባጠብ ድረስ አጠጣኋት።