ጁሪው ራሱ ሊስለው የሚችለው ሥዕል

እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚሠራው የማስረጃ ደንብ ቁጥር 107 አንድ ነገር ቁርጥ አድርጓል። ለማብራሪያ ብቻ የሚቀርብ ሥዕል፣ ሞዴል ወይም አኒሜሽን ማስረጃ አይደለም። ተከራካሪዎቹ ሁሉ ካልተስማሙ፣ ወይም ዳኛው በቂ ምክንያት አግኝተው ካላዘዙ፣ ጁሪው (ፍርድ የሚሰጠው የተራ ዜጎች ቡድን) ወደሚመክርበት ክፍል አይገባም። እዚያ የሚገባው በጁሪው አባላት ጭንቅላት ውስጥ የቀረው ነው። ስለዚህ ኢንጂነር ለፍርድ ቤት የሚያዘጋጀው ሥዕል መለኪያው ውበቱ ሳይሆን፣ ምህንድስና ያልተማረ ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ በባዶ ወረቀት ደግሞ ሊስለው መቻሉ ነው ብዬ አምናለሁ።

የካንሳስ ሲቲውን ሃያት ሪጀንሲ ሆቴል እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1981 በአዳራሹ ውስጥ የተንጠለጠሉ ሁለት መተላለፊያዎች ወድቀው 114 ሰዎች ሞቱ። በመጀመሪያው ንድፍ ከጣሪያ የሚወርደው ወጥ የብረት ዘንግ የ4ኛውንና የ2ኛውን ፎቅ መተላለፊያ አከታትሎ ይይዝ ነበር። በሥራ ላይ ግን ዘንጉ ለሁለት ተከፈለ። የላይኛው 4ኛውን ፎቅ ያዘ፤ የታችኛው ከ4ኛው ፎቅ ቢም (መተላለፊያውን ከሥር ከተሸከመው አግዳሚ ብረት) ተንጠልጥሎ 2ኛውን ያዘ። በዚህ ምክንያት ከ4ኛው ፎቅ ቢም ሥር ያለው፣ ዘንጉ ላይ ታስሮ ቢሙን የሚደግፈው ዳዶ የአንድ ሳይሆን የሁለት መተላለፊያ ጭነት ወደቀበት። በመጨረሻም ቢሙ በዳዶው ላይ ተቀድዶ ወረደ፤ ዘንጉ ጣሪያው ላይ ቀረ።

ይህን ለማስረዳት ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን ይበቃሉ። በአንድ ልኬትና በአንድ አቅጣጫ ይሳሉ፤ ከዘንጉ፣ ከቢሙና ከዳዶው በቀር ሌላው ሁሉ ይውጣ። በዳዶው ላይ በአንደኛው «1»፣ በሌላው «2» ይጻፍ። የጭነቱ ትክክለኛ ልክ በኪሎኒውተን (በኃይል መለኪያ) በኋላ ይደርሳል። ጭነቱን የሚያሳየው ቀስት በርዝመት ብቻ እጥፍ ይሁን። ሠዓሊው ወርዱንም አብሮ ካሳደገው ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ዓይን የሚያነበውም አራትን ነው። ተቃራኒው ጠበቃ ይህን ካገኘ ትክክለኛው ስሌት ሳይቀር ይጠረጠራል።

ቀለም ላይ የሚሠራው ስህተት ግን ከዚህ ይከፋል። የመጀመሪያውን ንድፍ አረንጓዴ፣ የተሠራውን ቀይ መቀባት ያጓጓል። ግን የመጀመሪያውም ቢሆን የከተማው የግንባታ ሕግ ከሚጠይቀው አነስተኛ ጭነት 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር የሚችለው፤ የተሠራው ደግሞ 30 በመቶ ገደማ። አረንጓዴው ቀለም ምስክሩ በቃሉ ያላለውን «ደህና ነበር» የሚል ምስክርነት ይሰጣል። በኮምፒውተር የሚወጣው ባለቀለም የጫና ምስልም እንዲሁ ነው፦ ቀዩ ከየት እንደሚጀምር የሚወስነው አዘጋጁ ነው። ቢሙ ጎብጦ የሚታየውም ብዙ ጊዜ ጉብጠቱ 50 ወይም 100 ጊዜ ተጋንኖ ስለተሳለ ነው። የማጋነኛው ቁጥር ምስሉ ላይ በትልቁ ካልተጻፈ መቅረቡ ልክ አይደለም።

አኒሜሽን ሲሆን ጥንቃቄው ይጨምራል። የምስክሩን ቃል ብቻ የሚያሳይ አኒሜሽን ማብራሪያ ነው። ከግብዓት ቁጥሮች ተነሥቶ ራሱ ውጤት የሚያወጣ ከሆነ ግን የባለሙያ አስተያየት ነው፤ ዘዴው የባለሙያ ምስክርነትን በሚገዛው ደንብ ቁጥር 702 ይፈተሻል። ሁለቱን ማደባለቅ ሙሉ ሥራውን ከፍርድ ቤት ሊያስወጣ ይችላል።

እኛን በቅርብ የሚነካው፣ እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2019 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ያለቁበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302፣ ለቀላል ሥዕል ይመቻል። የአውሮፕላኑ አፍንጫ፣ በግራና በቀኝ አፍንጫው ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራውን አንግል የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች፣ ከግራው ብቻ ወደ ኤምካስ (አፍንጫውን በራሱ ወደ ታች ወደሚገፋው የኮምፒውተር ሥርዓት) የሚሄድ አንድ መስመር። በግራው ላይ 74.5 ዲግሪ፣ በቀኝ ላይ 15.3። ቦይንግ ለካሳ ኃላፊነቱን እ.ኤ.አ. በ2021 ስለተቀበለ በ2025 በቺካጎ የተሰየመው ጁሪ የመረመረው የካሳውን መጠን ብቻ ነበር። ይህን ሥዕል ግን ማንም ሰው በእርሳስ ይስለዋል።

ሥዕሉን በባዶ ወረቀት የማሳሉ ፈተና የባለሙያው ሪፖርት ለተቃራኒ ወገን ከመሰጠቱ በፊት ይደረግ፤ ሪፖርቱን የሚደግፉ ሥዕሎች አብረው መቅረብ አለባቸውና ከዚያ በኋላ ማረም ያስቸግራል። ምህንድስና ለማያውቁ አራት ሰዎች ሥዕሉን ለሁለት ደቂቃ አሳይቶ መሸፈን፣ ከዚያ ወረቀትና እርሳስ መስጠት ነው። ዘንጎቹን ስለው ዳዶውን ከረሱ፣ ዳዶው በሥዕሉ ላይ አንሷል ማለት ነው፤ እሱን አጉልቶ እንደገና መሳል ያስፈልጋል።