ሳይለሰን እዩት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው የመጣሁት። ቤት የምትሠሩትን፣ ልትሠሩ ያሰባችሁትን፣ ጨርሳችሁ ዕቃ ልታስገቡ የተቃረባችሁትን ሁሉ።

ቤት የሚሠራ ሰው ስታገኙ ስለ ቤቱ ጠይቁት። ስለ ሴራሚኩ ያወራችኋል። ስለ በሩ፣ ስለ ኮርኒሱ፣ ስለ ኪችን ካቢኔቱ ቀለም። ለሳሎን አምፖል ብሎ ስንት ሱቅ አዳርሷል! ሶሌታው፣ ማለትም የፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ ስንት ቀን ውሃ እንደጠጣ ጠይቁት፤ አያውቅም። ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው የመሬት ሽቦ የት እንደተቀበረ ጠይቁት፤ «ኤሌክትሪሺያኑ ያውቃል» ይላል። የሻወር ቤቱ ወለል ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ውሃ ተሞልቶ ተፈትሿል ወይ? ዝም። የዕድሜ ልክ ጥሪታችንን እያፈሰስን፣ እንግዳ የሚያየውን እናሳምራለን፤ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረውን ለዕድል እንተወዋለን። ይሄ ልክ አይደለም።

እኔም አጥፍቻለሁ። ቤቴ በገባሁ በአራተኛው ወር፣ ከቁምሳጥኑ ጀርባ መዳፍ የምታክል እርጥበት ታየች። ቀለሙ መጀመሪያ ጠየም አለ፣ ከዚያ አብጦ ተቀረፈ። በጣቴ ነካ ሳደርገው ልስኑ ፈርሶ እጄ ላይ ቀረ። ከግድግዳው ማዶ ሻወር ቤቱ ነው። የጠራሁት ቧንቧ ሠራተኛ የመጀመሪያ ጥያቄው «ቧንቧው በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» ነበር። መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ እየገመተ ሰበረ። ጎሚቶው፣ ቧንቧው የሚታጠፍበት መጋጠሚያ፣ የተገኘው አሥራ አንድ ሴራሚክ ከተሰበረ በኋላ ነው። ቱቦው እስከ ውስጥ ድረስ አልገባም፤ ከመጋጠሚያው ሥር ጠብ፣ ጠብ ይላል። ግድግዳው ክፍት ሳለ መስመሩ በግፊት ቢሞከር ኖሮ ያንኑ ዕለት ይታወቅ ነበር። ሴራሚኩን ለመተካት ደግሞ ያው ዓይነት፣ ያው ቁጥር ገዛሁ። ከፋብሪካ የወጣበት ዙር ሌላ ስለሆነ ጠቆር አለ። ከመጀመሪያው ግዢ አንድ ካርቶን ትርፍ ማስቀመጥ ምን ያህል ይከብድ ነበር?

አሁን ከአርማታው ልጀምር። ብዙዎቻችን ኮንክሪት የሚጠነክረው ሲደርቅ ይመስለናል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ነው። ውሃው ቶሎ ተንኖ ካለቀ ውህደቱ መሃል ላይ ይቆማል፤ ያ ኮንክሪት የሚገባውን ጥንካሬ ሳያገኝ ይቀራል። ስለዚህ ቢያንስ 7 ቀን መድረቅ የለበትም። መሐንዲሶች ጥንካሬውን በ28ኛው ቀን የሚለኩትም ነገሩ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው። በጆንያ ሸፍናችሁ አርጥቡት፣ ወይም ላስቲክ አልብሱት። የዕረፍት ቀን ሠራተኛ አይመጣም፤ ፀሐይ ግን ትወጣለች። ያን ቀን የውሃ ጎማውን ይዛችሁ መቆም ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ሲቦካ ደግሞ ሌላ ጥፋት አለ። ድብልቁ ሲከብድ ሠራተኛው አንድ ባልዲ ውሃ ይደፋበታል። ይቀላል፣ ይፈስሳል፣ ሥራው ይፈጥናል። እኛም ቆመን እያየን ደስ ይለናል። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ 25 ሊትር አካባቢ ውሃ ለተለመደ ሥራ ጥሩ መነሻ ነው። አሸዋው እርጥብ ከሆነ እሱ ይዞት የመጣው ውሃም ይቆጠራል። ትርፉ ውሃ ሲተን ጥቃቅን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ ኮንክሪቱ በዚያ መጠን ይደክማል። ሲቦካ ውሃ ይነስ፣ ከረጋ በኋላ ይብዛ። እኛ ተገላቢጦሹን ነው የምናደርገው።

ሙሌት ከመጀመሩ በፊት ሶሌታው ላይ ውጡ። ጎንበስ በሉና ጣታችሁን በፌሮውና (በብረቱና) በካዛፎርማው፣ ማለትም ኮንክሪቱ በሚፈስበት ቅርጽ፣ መሃል አስገቡ። ጣት የማያስገባ ከሆነ ሙሌቱን አስቁሙ። ፌሮው ከሥሩ ሁለት፣ ሁለት ተኩል ሴንቲሜትር ኮንክሪት ያስፈልገዋል፤ መሠረት ውስጥ አፈር አጠገብ ሲሆን ደግሞ ከዚያ በጣም ይበልጣል። አለበለዚያ እርጥበት ይደርሰውና ይዝጋል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል፤ እያበጠ ኮንክሪቱን ይፈነቅለዋል። ከዓመታት በኋላ ከኮርኒሱ በላይ ቁራጭ ሲረግፍ የምናየው ይሄን ነው። ከሥር የሚደግፉትን እንጨቶችም «ለሌላ ሥራ ይፈለጋሉ» ስለተባላችሁ ብቻ በሳምንቱ አታስነቅሉ። የሚነሱበትን ቀን መሐንዲሱ ይናገር።

ስለ አፈሩ አጭር ነገር ልበል። ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ አፈር ላይ ከሆናችሁ፣ «ጎረቤቴም እንዲሁ ነው የሠራው» ብላችሁ መሠረት አታውጡ። ቤቱ ካለቀ በኋላም የዝናብ ውሃ ግድግዳው ሥር እንዳይተኛ፣ ዙሪያው ያለው መሬት ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ይበል። በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች 15 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ቢል ይበቃል።

ወደ ኤሌክትሪኩ ስመጣ ቁጣዬ ልመና ይሆናል። ብሬከር አለን ብለን ተማምነን እንተኛለን። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ከመጠን በላይ ግሎ እንዳይቃጠል። ሰውን ኤሌክትሪክ ሲይዘው በሰውነቱ የሚያልፈው መጠን ለብሬከሩ ከቁጥር አይገባም። አርሲዲ የሚባል መሣሪያ አለ። ኤሌክትሪክ መንገዱን ስቶ ማምለጥ ሲጀምር፣ 30 ሚሊ አምፔር ላይ፣ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። የተለመደው የሶኬት ብሬከር 16 አምፔር ነው፤ ከዚያ ከ500 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ልዩነቱ የልጅ ሕይወት ነው። ፊቱ ላይ የመሞከሪያ ቁልፍ አለው፤ በየጊዜው ተጫኑት፣ መብራቱ መጥፋት አለበት።

የመሬት ሽቦውን ደግሞ በዓይናችሁ እዩ። አረንጓዴና ቢጫ ነው። ስንት ቤት አይቻለሁ፣ ሶኬቱ ለመሬት ሽቦ ቦታ እያለው ከጀርባው ሁለት ሽቦ ብቻ የገባ! ከፊት ሲታይ ምንም አይጎድለውም። አንዱን ሶኬት አስፈትታችሁ ተመልከቱ። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ የተለመደ ነው። ምድጃና ውሃ ማሞቂያ ግን ለየራሳቸው የተለየ መስመርና ወፈር ያለ ሽቦ ይፈልጋሉ። ማሞቂያው በጋዝ የሚሠራ ከሆነ አየር በማይወጣበት ሻወር ቤት ውስጥ ፈጽሞ አትስቀሉት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው መታመሙን ሳያውቅ ይወድቃል።

ሻወር ቤቱ ላይ አንድ ቀን ታገሱ። ውሃ መከላከያው ከተቀባና ከደረቀ በኋላ መውረጃውን ድፈኑ፤ ወለሉን ጥቂት ሴንቲሜትር ውሃ ሙሉትና 24 ሰዓት ተዉት። የውሃውን ከፍታ ግድግዳው ላይ በእርሳስ አስምሩ። በማግስቱ ውሃው ከምልክቱ ወርዶ እንደሆነ እዩ፤ ከሥር ያለውን ክፍልና አጠገቡ ያለውን ግድግዳ በእጃችሁ ዳስሱ። ከዚያ በኋላ ሴራሚክ ይነጠፍ። ወለሉ ወደ መውረጃው በሜትር አንድ ወይም ሁለት ሴንቲሜትር ይዘቅዝቅ። የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ እዚያ አታስገቡ፤ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ሽማግሌ እናትና አባት አሏችሁ።

የደረጃው እርከኖች ቁመታቸው እኩል ይሁን። እግር የለመደውን ነው የሚጠብቀው፤ አንዷ ከፍ ካለች በጨለማ የምትጥለው እሷ ናት። ቀለም ስትገዙም ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት የሌለበት መሆኑን ጣሳው ላይ አንብቡ። ሊድ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ግድግዳ መቦርቦር ሳይጀምር ጠመኔ ይዛችሁ ባዶው ክፍል ውስጥ ግቡ። አልጋውን ወለሉ ላይ በልኩ ሣሉት። ቁምሳጥኑን ከነሚከፈተው በሩ ሣሉት። መሃሉ ላይ ሂዱበት። ያኔ ሶኬቱ ከአልጋው ራስጌ ጀርባ ሊቀበር እንደነበር ታያላችሁ። የኪችኑ ጠረጴዛ ከፍታ ብዙ ጊዜ ከ85 እስከ 90 ሴንቲሜትር ነው። ነገር ግን ዘወትር እዚያ የምትቆመውን ወይም የሚቆመውን ሰው አቁማችሁ ለኩ። የወገብ ሕመም ካታሎግ ላይ አይጻፍም።

አንድ የሚያሳዝነኝን ነገርም ልናገር። ግንበኛውን «በሁለት ሳምንት ጨርስልኝ» እያልን እናዋክበዋለን። ከሁሉም ያነሰ ዋጋ የሰጠውን እንመርጣለን፣ ከዚያም ላይ እንከራከራለን። ውሃ ለማጠጫ የሚከፈለውን የሠራተኛ ቀን እንቆርጣለን። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ደግሞ ባለሙያውን እንረግማለን። ያ ሰው ጥሩ አድርጎ መሥራት ይችል ነበር፤ ጊዜውን የከለከልነው እኛ ነን። ሥራውን በደረጃ ከፋፍላችሁ ተዋዋሉ። እያንዳንዱ ደረጃ ሳይሸፈን ታይቶ ይከፈል። ከአቅማችሁ በላይ ሲሆንባችሁ የኮርኒሱን የጂፕሰም ጌጥ ለዓመቱ አሸጋግሩት፤ መሬት ሽቦውንና ውሃ መከላከያውን ግን አትንኩ። ጂፕሰም ሰው ገብቶም ይሠራል።

ልስን ሠሪው ነገ የሚመጣ ከሆነ ዛሬ መሸ ሳትሉ ሂዱ። ሜትር የሚይዝላችሁ አንድ ሰው ውሰዱ። ሜትሩን ከወለሉ እስከ ቧንቧው፣ ከማዕዘኑ እስከ ሽቦው ዘርጉና ቁጥሩ እንዲነበብ አድርጋችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ግድግዳ በግድግዳ፣ ክፍል በክፍል። ስልክ ይጠፋልና ፎቶዎቹን ለባለቤታችሁም ላኩ።