ስድስቱ ልጆችም ይታወሱ

የቀድሞው የአሜሪካዋ ኢሊኖይ ግዛት አገረ ገዥ ጆርጅ ራያን እ.ኤ.አ. በ2003 ሥልጣን ሊለቁ ሁለት ቀን ሲቀራቸው የ167 ሰዎችን የሞት ቅጣት ማንሳታቸውን አድንቃችሁ ጽፋችኋል። እኔም አደንቃለሁ። ከ1977 እስከ 2000 ድረስ በግዛቲቱ 12 ሰው በሞት ቅጣት ተገድሎ 13 ሰው ግን ከሞት ፍርድ በነጻ ከወጣ፣ እንዲህ ያለውን ፍርድ ማን ያምነዋል? ሙስናውን ግን በአንድ መስመር ማለፋችሁ አሳዝኖኛል። ሰውየው የግዛቲቱ ዋና ጸሐፊ ሳሉ በመሥሪያ ቤታቸው መንጃ ፈቃድ በጉቦ ይሸጥ ነበር። በ1994 ከአንድ የጭነት መኪና የወደቀ ብረት የኋለኛውን መኪና የነዳጅ ጋን በሳው፤ የአንድ ቤት ስድስት ልጆች በእሳት አለቁ። ምርመራው የጭነት መኪናው ሾፌር ፈቃድ የተገኘው በዚያው በጉቦው በር ነው አለ። ራያን ከአምስት ዓመት በላይ ታስረው ወጡ። እባካችሁ፣ የሕይወት ታሪካቸው ሲጻፍ እነዚያ ልጆች አይዘለሉ።