ሰው በአራት ፊደል አያልቅም

ወገኖቼ፣ በተለይ እጮኛ የያዛችሁና ትዳር የጀመራችሁ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ባለፈው ዓመት ቀለበት መለሰች። ከልጁ ጋር ሁለት ዓመት ቆይተዋል። ሽማግሌም ተልኮ ነበር። ምን ተፈጠረ ብዬ ስጠይቃት ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ሁለቱም በቴሌግራም የተላከላቸውን የፐርሰናሊቲ ቴስት፣ ማለትም የጠባይ መጠይቅ፣ ሞልተዋል። ለእሷ ጠባይዋን ይገልጻል የተባለ አራት የእንግሊዝኛ ፊደል ወጣላት፤ ለእሱም ሌላ አራት ፊደል። ከሥር «እነዚህ ሁለቱ አይጣጣሙም» ይላል። አያቷ ነገሩን ሲሰሙ «ኮከባችሁ አልገጠመም እንዴ ልጄ?» ብለው ጠየቋት። «እማማ፣ ይሄ እኮ ኮከብ አይደለም፤ ሳይንስ ነው» አለቻቸው።

እኔን ያስቆጣኝ ይሄ መልስ ነው።

ኮከብ ቆጣሪ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደል በፊደል ወደ ቁጥር ይለውጣል። ይደምርና በ12 ያካፍላል። የተረፈው ቁጥር ሐመል ነህ፣ ሠውር ነህ፣ አሰድ ነህ ይለዋል። ኮከቦቹ ደግሞ እሳት፣ ውሃ፣ ነፋስና መሬት ተብለው ይመደባሉ። እሳትና ውሃ አይሆኑም ይባላል። በዚህ ሰበብ የወደደውን ያጣ ሰው በየቤቱ አለ።

አሁን ደግሞ በየጋብቻ ትምህርቱ የምትማሩትን ተመልከቱ። ሳንጉዊን (ተጫዋች)፣ ኮሌሪክ (ቁጡ)፣ ሜላንኮሊክ (ተካዥ)፣ ፍሌግማቲክ (ረጋ ያለ)። እነዚህ ከጥንት ግሪኮች የሕክምና ትምህርት የመጡ የጠባይ ስሞች ናቸው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሐኪም ጋሌን በሰው አካል ውስጥ ደም፣ ቢጫ ሐሞት፣ ጥቁር ሐሞትና አክታ አለ፤ ሚዛናቸው ጠባይን ይወስናል ብሎ ያምን ነበር። በዚያ ትምህርት ደሙ ከነፋስ፣ ቢጫው ሐሞት ከእሳት፣ ጥቁሩ ከመሬት፣ አክታው ከውሃ ጋር ይዛመዳል። ያው የአያቶቻችን እሳትና ውሃ ነው! ሕክምናው ይህን ከተወው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ግን ዛሬም የትዳር መፈተኛ አድርገነዋል።

የአራት ፊደሉ ነገር ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ካትሪን ብሪግስ የምትባል አሜሪካዊት እናት ነበረች። ልጇ ኢዛቤል እጮኛዋን ክላረንስ ማየርስን ይዛ ቤት መጣች። ልጁ ጨዋ ነው፤ ግን አስተሳሰቡ ከቤተሰቡ ፈጽሞ የተለየ ነው። ካትሪን አላባረረችውም። ሰዎች ለምን እንዲህ እንደሚለያዩ ለመረዳት መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመረች። በኋላም የስዊዘርላንዱ ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ያሳተመውን የጠባይ ዓይነቶች መጽሐፍ አገኘች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኢዛቤል ከዚያ ተነስታ ማየርስ-ብሪግስ (MBTI) የሚባለውን ይህን የአራት ፊደል መጠይቅ አዘጋጀች። እናትም ልጅም በሥነ ልቦና የሠለጠኑ አልነበሩም። ኢዛቤል ግን ያንን የማይመስላትን ሰው አግብታዋለች። እናንተ ሰው የምትመልሱበት መጠይቅ የተወለደው የማይመስለንን ሰው ለመረዳት ከተደረገ ጥረት ነው።

«ግን እኮ ልክ እኔን ነው የሚገልጸው» ትላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ የሥነ ልቦና መምህር 39 ተማሪዎቹን ፈትኖ ለእያንዳንዳቸው የጠባይ መግለጫ ሰጣቸው። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ነጥብ እንዲሰጡት ጠየቃቸው። አማካዩ 4.26 ሆነ። ለካ ለሁሉም የተሰጠው አንድ ዓይነት ወረቀት ነበር። ዓረፍተ ነገሮቹንም በብዛት የወሰደው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው።

ደግሞም ለምሳሌ ከ100 ጥያቄ 51 ጊዜ ወደ ዝምታ ያዘነበለውና 49 ጊዜ ያዘነበለው ሰው የተለያየ ፊደል ይሰጣቸዋል። በሁለቱ መካከል ምን ልዩነት አለ? ብዙ ሰው ያለው መሐል ላይ ነው። ከሳምንታት በኋላ መልሰው ሲፈተኑ ፊደላቸው የሚቀየርባቸው ብዙዎች የሆኑትም ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ሆኖ ቢቀር ዝም ባልኩ። እኔን የሚያመኝ ጥፋት መሸፈኛ መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ባልና ሚስት ለማስታረቅ ከተቀመጡት መካከል ነበርኩ። ሰውየው ይሳደባል፤ ዕቃ ይወረውራል፤ ሁለት ጊዜም መትቷታል። ከመካከላችን አንዱ፣ የተማረ ሰው ነው፣ «እሱ ኮሌሪክ ነው፤ ስለዚህ አንቺ ቀስ በይለት» አላት። ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። ያን ቀን ወዲያው ባለመናገሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያ ሰው በአለቃው ላይ ዕቃ ወርውሮ አያውቅም። እጁን የት እንደሚሰበስብ የሚያውቅ ሰው ጠባዩ ነው አይባልም። ምርጫው ነው። በዳይን በግሪክ ቃል የምታስታርቁ ሽማግሌዎችና የጋብቻ አስተማሪዎች፣ እባካችሁ ተዉ።

የእኔም ጥፋት አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ባለቤቴ ስለሚያስጨንቃት ነገር ልታወራኝ ስትፈልግ «ኢንትሮቨርት ነኝ፣ ብቻዬን መሆን ነው የሚያሳርፈኝ፣ ተረጂኝ» እያልኩ ክፍሌ እገባ ነበር። አባቷ ታመው በነበረበት ሰሞን እንኳ። አንድ ማታ በሩ ላይ ቆማ «ቢሮ ስብሰባ ስትመራ ትውላለህ። ኢንትሮቨርት የምትሆነው ለእኔ ብቻ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቃላቱን ከነጭራሹ ጣሉ አልልም። «ሰው ሲበዛ ይደክመኛል» ለማለት የሚያግዝ ቃል ካገኛችሁ፣ ተናገሩበት። ከዚያ ግን ቀጥሉና ጠያየቁ። ዕዳ አለብህ? እናትሽን ወደፊት ማን ይጦራል? ስትናደድ ምን ታደርጋለህ? ልጅ ባይመጣስ? እነዚህን ጥያቄዎች የትኛውም ቴስት አይጠይቅላችሁም። አፍ አውጥታችሁ፣ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ የምትጠይቁት እናንተ ናችሁ። መልሱም በአንድ ማታ አያልቅም።

ባልደረባዬን ያን ቀን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት። «ስትጣሉ ማን ነበር ቀድሞ ይቅርታ የሚለው?» ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ቆይታ፣ «እሱ» አለችኝ።