ውስኪ አውጪዋ ጿሚ ከተማ

በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ ከናሽቪል በስተደቡብ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ሊንችበርግ የምትባል ከተማ አለች። ከተማ ማለቱ ለጨዋነት ነው። በ2020 ቆጠራ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ከተማዋ ያለችበት የሙር ካውንቲ (ካውንቲ እንደ እኛ ወረዳ ያለ ነው) ሕዝብ በጠቅላላ 6,461 ነበር። ከ1988 ጀምሮ ደግሞ ካውንቲውና ከተማዋ አንድ አስተዳደር ሆነዋል። የጃክ ዳንኤል ውስኪ ጠርሙስ ላይ ግን ለአስርት ዓመታት ይታተም የነበረው የነዋሪ ቁጥር 361 ነው። ሰው ይወለዳል፣ ይሞታል፣ ሙሽራ ከጎረቤት ካውንቲ ይመጣል፤ ቁጥሯ ግን ንቅንቅ አትልም። ማስታወቂያ ሠሪዎቹ ከተማዋ ባነሰች ቁጥር ውስኪው እንደሚጣፍጥ ቀድሞ ገብቷቸዋል።

ጃክ ዳንኤል የትም ይቀዳ የት፣ የሚወጣው ከዚችው መንደር ነው። ካውንቲው ግን በአሜሪካ መጠጥ ከተከለከለበት ዘመን ጀምሮ ደረቅ ነው፤ ውስኪ የሚቸረችር ሱቅ አይፈቀድም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባላል፤ ሊንችበርጎች ገሉንም በሕግ ከለከሉ። እስቲ የአንዷን ጠርሙስ ጉዞ ተከተሉ። ፋብሪካው ሞልቶና አሽጎ በከባድ መኪና ይሸኛታል። በአሜሪካ አሠራር አምራች ለቸርቻሪ በቀጥታ አይሸጥምና መጀመሪያ አከፋፋይ መጋዘን ትገባለች። ከዚያ ጎረቤት ኮፊ ካውንቲ፣ ቱላሆማ ከተማ ያለ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ትወጣለች። ማታ ላይ ጠርሙሷን የሞላት ሠራተኛ ራሱ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ፣ ተሰልፎ፣ ታክሱን ከፍሎ ይገዛትና ወደ ተወለደችበት ቀዬ ይመልሳታል። ከዚህ ሁሉ የሚያድነው በወር አንዴ፣ ዓርብ ቀን ፋብሪካው ለሠራተኞቹ የሚያድለው ጠርሙስ ነው። በዚያ ዓርብ የሕመም ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ማሰብ ይከብዳል።

እንግዳ ሰው ይህን ሲሰማ ግብዝነት ነው ብሎ ይደመድማል። ችኮላ ነው። በጾም ቅቤ አይበላም እንጂ መናጥን የከለከለ የለም። ሊንችበርግም የምትኖረው በዚሁ ሒሳብ ነው፦ ማውጣት ሥራ ነው፣ መጠጣት የግል ጉዳይ ነው፣ መቸርቸር ግን የጎረቤት ካውንቲ ኃጢአት ነው። ሦስቱን እስካላደባለቁ ድረስ እሑድ መዝሙር፣ ሰኞ ድፍድፍ ቢሆን አይጋጭም።

ሒሳቡ የተሠራው በችግር ነው። ቴነሲ መጠጥ ማውጣትን የከለከለችው በ1910 ነው፤ አገሪቱ በሙሉ ከመከልከሏ አሥር ዓመት ቀድማ። የውስኪው መሥራች ጃክ ዳንኤል ሚስትም ልጅም አልነበረውምና ፋብሪካውን የወረሰው የእህቱ ልጅ ሌም ሞትሎው ነበር። ሌም ሥራውን ወደ ሴንት ሉዊስና ወደ አላባማዋ በርሚንግሃም አሸሸው፤ እዚያ የወጣው ውስኪ ግን አልሆነለትም። ከዚያ ክልከላው አገር አቀፍ ሲሆን ዘመኑን በበቅሎ ንግድ ገፋው። የአገር አቀፉ ክልከላ በ1933 ሲነሳ ቴነሲ አሁንም እንቢ አለች። ሌም ለግዛቲቱ ሴኔት ተወዳደረ፣ ተመረጠ፣ ሕጉን አስለወጠ፤ በ1938 ማውጫው እንደገና ጨሰ። መሸጡ ግን በየካውንቲው ሕዝብ ድምፅ ይወሰን ተባለ። ሙር ካውንቲ ማውጣቱን በደስታ ተቀብሎ፣ መሸጡን ለጎረቤት ተወው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ ብልሃት ተገኘ። ፋብሪካውን ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ «የመታሰቢያ ጠርሙስ» መግዛት ይችላል ተባለ። የተሸጠው መታሰቢያ ነው፤ በውስጡ ውስኪ መገኘቱ የአጋጣሚ ነገር ነው። ቆይቶ ለጎብኚ ማቅመስም ተፈቀደ። ሕግን ሳይሽሩ ማለፍ እንደዚህ ነው፤ የእኛ አገር ጠበቆችም ቢሰሙት ባርኔጣ ያነሳሉ።

ወደ ጅማሬው ስንመለስ እዚያም መድረኩና ማውጫው ጎን ለጎን ነበሩ። ዳን ኮል የሚባል የሉተራን ሰባኪ ሱቅም ነበረው፣ የውስኪ ማውጫም ነበረው። ጃክ በልጅነቱ የተቀጠረው እሱ ዘንድ ነው። ምእመናኑ «ወይ ስብከቱን ወይ ውስኪውን» ብለው ሲይዙት ሰባኪው መድረኩን መረጠና ማውጫው ለጃክ ቀረለት። ይህ ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ ሲተረክ አስተማሪው ሰባኪው ነበር። እውነተኛው መምህር ግን በባርነት ተይዞ በኮል እርሻ ላይ ውስኪ ያወጣ የነበረው ኒረስት ግሪን ነው። ከነጻነት በኋላም የጃክ የመጀመሪያው ዋና ባለሙያ የሆነው እሱ ነው፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹም በዚያው ፋብሪካ ሠርተዋል። ጃክ ከሠራተኞቹ ጋር በተነሳው አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ላይ ከጎኑ፣ መሃል ላይ የተቀመጠው ጥቁር ሰው የኒረስት ልጅ ጆርጅ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል። ፎቶው ይህን ሁሉ ዘመን ግድግዳ ላይ ነበር። ኩባንያው የኒረስትን ስም በይፋ ጠርቶ ያመሰገነው ግን በ2016፣ 150ኛ ዓመቱን ሲያከብር ነው። አንድ ሃይማኖተኛ መንደር «ውስኪ ማውጣት ያስተማረን ቄሳችን ነው» ማለቱን «ባሪያ የነበረ ሰው ነው» ከማለቱ አስቀድሞ እንደመረጠ ልብ በሉ፤ የአሜሪካን ደቡብ ጠባይ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም።

150ኛውም ዓመት ቢሆን በጠርሙሱ ሒሳብ ነው። ጠርሙሱ 1866 ይላል፤ የመሬትና የንግድ መዝገብ የመረመሩ ደግሞ 1875 ይላሉ። የጃክ የልደት ቀንም በትክክል ስለማይታወቅ መስከረምን ወሩን ሙሉ ያከብሩለታል። የሞቱ ምክንያት ግን እስከ ጣቱ ድረስ ይተረካል፦ አንድ ጠዋት የብረት ካዝናው ቁጥር ጠፍቶበት በእርግጫ መታው፣ አውራ ጣቱ ቆሰለ፣ ቁስሉ መረቀዘ፣ በ1911 ሞተ። የሕይወት ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች ነገሩን አይቀበሉትም። ካዝናው ግን ዛሬም ለጎብኚ ይታያል። የመሥራቹን ገዳይ በክብር ያስቀመጠ ሌላ መሥሪያ ቤት መኖሩ ያጠራጥራል።

አሁን ወደ ሙያው እንግባ፤ እዚህ ላይ ቀልድ የላቸውም። ውሃው ከኖራ ድንጋይ ዋሻ የሚፈልቅ ምንጭ ነው፤ ክረምት ከበጋ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ዋናው ነገር ቅዝቃዜው ሳይሆን ብረት የሌለው መሆኑ ነው፤ ድንጋዩ ብረቱን ያስቀርለታል። ብረት ያለበት ውሃ ውስኪውን ያጠቁረዋል፣ ጣዕሙንም ያበላሸዋል። እህሉ 80 በመቶ በቆሎ፣ 12 በመቶ የገብስ ብቅል፣ 8 በመቶ ራይ የሚሉት የስንዴ ዘመድ ነው። በቆሎው መጀመሪያ ይፈላል፤ ብቅሉ የሚገባው ቀዝቀዝ ሲል ነው። ተቻኩለው በፍላቱ ላይ ከጨመሩት ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኃይሉ ይሞታል፤ ስኳር ከሌለ እርሾው ጦሙን ያድራል። ካለፈው ዙር ከተረፈው አተላ ላይም ይጨመርበታል። አተላው ድፍድፉን ያኮመጥጠዋል፤ ኮምጣጣ ካልሆነ ሌላ ባክቴሪያ ገብቶ ይፈነጭበታል። የቀረው አተላ ለከብት ነው። አረቄ በሚወጣበት ቀዬ ያደገ ሰው እስከዚህ ድረስ እንግዳ ነገር አላየም።

ልዩነቱ ከሰሉ ላይ ይመጣል። ድፍድፉ ጥቂት ቀን ከቆየ በኋላ በመዳብ ማውጫ ይወጣና አልኮሉ 70 በመቶ ይሆናል። ይህ እንደ ውሃ የጠራ ነገር ሦስት ሜትር ጥልቀት ባለው ከሰል ውስጥ ጠብ ጠብ እያለ ለቀናት ይወርዳል። ከሰሉን የሚያከስሉት ራሳቸው ናቸው። ስኳር ሜፕል የሚባለውን ዛፍ በአጭር በአጭሩ ሰንጥቀው፣ አንዱን በአንዱ ላይ አጣልፈው ይከምሩታል፤ ክምሩ ሲነድ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ እንዲናድ አድርገው። ለማቀጣጠል ቤንዚን አይነካም፤ ሽታው ከሰሉ ውስጥ ይቀራል። የሚያርከፈክፉት ያንኑ 70 በመቶ አልኮል ነው። ደረቅ ካውንቲ ውስጥ ሰው የማይገዛውን፣ እሳት በነጻ ይጠጣል። ከዚያ የውሃ ጎማ ይዞ ጠባቂ ይቆማል። ውሃው ከዘገየ የሚቀረው አመድ ነው፤ ከቸኮለ ያልከሰለ እንጨት ይተርፍና ጭስ ጭስ ይላል። ልኩን የሚያውቀው ነበልባሉን አይቶ ነው እንጂ ሰዓት አይቶ አይደለም። በመጨረሻ ባቄላ እስኪያህል ተፈጭቶ ገንዳው ውስጥ ይጠቀጠቃል። በደንብ ካልተጠቀጠቀ መጠጡ በቀዳዳ ሾልኮ ይወርዳል፤ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ዘዴ የሊንከን ካውንቲ ዘዴ ይባላል፤ ሙር ካውንቲ በ1871 ሳይቆረስ በፊት ሊንችበርግ የዚያ ካውንቲ ነበረችና። በ2013 ቴነሲ ሕግ አወጣች፦ «የቴነሲ ውስኪ» ለመባል በሜፕል ከሰል መጣራት ግዴታ ነው። ከግዴታው ነጻ የተደረገ አንድ ፋብሪካ ብቻ አለ። እሱም የሚገኘው ሊንከን ካውንቲ ውስጥ ነው። የሊንከን ካውንቲን ዘዴ እንዳይከተል በሕግ የተፈቀደለት የሊንከን ካውንቲው ሰው ብቻ ሆነ።

ከከሰሉ በኋላ በርሜል ነው፤ ሁለት መቶ ሊትር የሚይዝ፣ ውስጡ በእሳት የተለበለበ አዲስ የኦክ እንጨት። የውስኪው ቀለም ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው። መጋዘኑ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም የለውም፤ በጋ ሲሞቅ ውስኪው እንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ክረምት ሲበርድ ይመለሳል። ላይኛው ፎቅ ስለሚሞቅ ቶሎ ይበስላል፤ ታችኛው ይዘገያል። ስለዚህ ይህን ያህል ዓመት ተብሎ አይቆረጥም፤ ቀማሽ ነው የሚፈርደው። አንዴ ያገለገለ በርሜል ለዚሁ ውስኪ አይመለስም፤ ስኮትላንዶች ይገዙታል፣ የቃሪያ ሶስ አምራቾች ይገዙታል፣ የተረፈው ተቆርጦ የአበባ መትከያ ይሆናል።

ከተማዋ ውስጥ ውስኪ ጠጡ የማይል፣ ውስኪ ብሉ የሚል ቤት አለ። የሚስ ሜሪ ቦቦ ቤት ይባላል፤ ከ1908 ጀምሮ ምሳ ያበላል። ሴትዮዋ መቶ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው በ1983 አረፉ፤ ቤቱ ግን ሥርዓቱን አልለቀቀም። ከማያውቁት ሰው ጋር ረጅም ገበታ ዙሪያ ይቀመጣሉ፣ ከገበታው ራስ ወሬ የምታስጀምር አስተናጋጅ ትቀመጣለች፣ ሳህኑ ወደ ግራ ይዞራል። የተጠበሰ ዶሮ፣ የተጠበሰ ባሚያ፣ ከዚያ በጃክ ዳንኤል የተቀቀለ ፖም። በማንኪያ እስከተበላ ድረስ ጾም አልተገደፈም።

ወዳጅነታቸውም እንደ ሕጋቸው ነው፤ በወረቀት ላይ ያምራል። ከ1956 ጀምሮ ኩባንያው ታማኝ ጠጪዎቹን «የቴነሲ ስኳየር» ብሎ ይሾማል፤ ከሹመቱም ጋር በፋብሪካው ግቢ የመዳፍ ያህል እንኳ የማትሞላ መሬት ከነባለቤትነት ወረቀቷ ይልክላቸዋል። ወረቀቷን የመንግሥት መዝገብ አያውቃትም፤ ባለመሬቱ ግን ደብዳቤ ይደርሰዋል፦ ለዓሣ ማጥመጃ ከመሬትዎ ትል ብንቆፍር ይፈቅዱልናል? ለአንድ ካርታ ክፍለ ከተማ ሲመላለስ ጫማ የጨረሰ አንባቢ ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅትም። መልሶ የሚጽፍ አለ፤ የትሉን ድርሻ የሚጠይቅም አይጠፋም።

የማያስቀው ክፍል መጋዘኖቹ አጠገብ ነው። በርሜል ውስጥ ካለው ውስኪ በየዓመቱ ጥቂት በመቶው ይተናል። የመላእክት ድርሻ ይሉታል። መላእክቱ ግን ሁሉንም አይጨርሱትም። ባውዶይኒያ የሚባል ጥቁር ፈንገስ በዚያ ትነት ይኖራል፤ አየሩ ላይ አልኮል እስካለ ድረስ ዛፍ፣ የመንገድ ምልክት፣ ጣሪያ፣ የቆመ መኪና ሳይለይ ጥላሸት ያለብሳል። ኩባንያው አዳዲስ መጋዘኖችን ወደ ሊንከን ካውንቲ ሲያስፋፋ ጥቁረቱም አብሮ ሄደ፤ ነዋሪ ከሰሰ፤ በ2023 አንድ ዳኛ ፈቃዱ ሳይስተካከል የአንዱ መጋዘን ግንባታ እንዳይቀጥል አገዱ። ቤቱ የጠቆረበት ሰው የሚያደርገው ያው ነው፦ በግፊት ውሃና በበረኪና ግድግዳውን ያጥባል፣ ደግሞ ይጠቁራል፣ ደግሞ ያጥባል። ያለ አከፋፋይ፣ ያለ ሱቅ፣ ያለ ታክስ ቤቱ ድረስ የሚመጣለት ውስኪ ይህ ብቻ ነው፤ የበረኪናው ወጪ ግን በራሱ ነው።