ክትክታ ለመናፈሻ ምን አነሰው?

በሱሉልታ፣ በቡራዩ፣ በሰበታና በለገጣፎ በኩል በሚሠሩ መናፈሻዎች የሚተከለው በአብዛኛው ሣርና ዱራንታ የተባለው የአጥር ቁጥቋጦ ነው። ሣሩ በጋውን ሙሉ ውኃ ይፈልጋል፤ ዱራንታው ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጫፉ ይጠቁራል። በዚያው ሰሞን ከአጥሩ ውጭ፣ በድንጋያማው ተዳፋት ላይ፣ ማንም ያላጠጣው አገር በቀል ቁጥቋጦ፣ ክትክታ፣ አረንጓዴ ነው። ለአጥርና ለማገዶ ብቻ ስለለመድነው መናፈሻ ውስጥ ቦታ ነፍገነዋል። ይህ ሊቀየር ይገባል።

ቅጠሉ ሲነኩት እጅ ላይ ይጣበቃል፤ የሚያብረቀርቀው በዚሁ ሙጫ ነው። ከብትም አይወደውም፤ ግጦሽ በሚያዋስነው መናፈሻ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አበባው ዓይን አይስብም፤ ውበቱ ያለው ፍሬው ላይ ነው፦ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ባለ ክንፍ፣ ሲበስል ወደ ሮዝና ቀይ የሚያደላ። ፍሬ የሚይዘው ሴቴው ሲሆን ሳያብብ ስለማይለይ፣ አንድ ሁለት እግር ሳይሆን ብዙ አድርጎ በጅምላ መትከል ያዋጣል።

ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት ችግኝ ሲያፈሉ ነው። የዘሩ ሽፋን ውኃ አያስገባም፤ እንዲሁ ከተዘራ አብዛኛው አይበቅልም። ውኃ አፍልቶ ከእሳት ማውረድ፣ ዘሩን ጨምሮ ማሳደር፣ ጠዋት ያበጠውን መዝራት፣ ያላበጠውን መድገም። እሳት ላይ እየፈላ ከቆየ ዘሩ ሊሞት ይችላል። ችግኙ ለሚያድግበት የፕላስቲክ ከረጢት 3 እጅ የደን አፈር፣ 2 እጅ ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ ይበቃል። የካቲት ላይ የተዘራ ለሐምሌ ተከላ ይደርሳል።

ለአጥር በ50 ሴንቲ ሜትር፣ ለብቻው እንዲያምር ከተፈለገ በ2 ሜትር ርቀት ይተከላል። ፕላስቲኩ ሳይወልቅ የተቀበረ ችግኝ ሥሩ ተጠምዝዞ ይቀጭጫል። ዋናው ጠላቱ ግን ውኃ የሚያቁር መሬት ነው። በጥቁር አፈር ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ ቦይ ማውጣት ግድ ነው። በየቀኑ የሚጠጣ ሣር መሀል ከገባም ሥሩ ይበሰብሳል፤ ከመጀመሪያው በጋ በኋላ ማጠጣቱን መተው ነው።

ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ጫፉን መቅጨት ከሥር ቅርንጫፍ እንዲያበዛ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ከአንድ ሦስተኛ ሳያልፉ መከርከም ነው። መስከረም ላይ ከተከረከመ የሚያወጣውን ለጋ ቀንበጥ ውርጭ ያገኘዋል።

ሁሉም ቦታ ይተከል ማለት አይደለም። ሙጫው እሳት ስለሚያቀጣጥል ከምድጃና ከካምፕ እሳት መራቅ አለበት። ከ2,800 ሜትር በላይ፣ ለምሳሌ እንጦጦ አናት ላይ፣ ቦታውን የደጋ ተክል ለሆኑት ለአስታና ለአምጃ መልቀቅ ይሻላል።

የመናፈሻ ጨረታ የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች ክትክታን በስሙ ጠርተው፣ ብዛቱንና የችግኙን ቁመት ለይተው ይጻፉ። ችግኝ ጣቢያዎች ትእዛዙ ከጥር በፊት ካልደረሳቸው ለዚያ ክረምት አያደርሱትም፤ ሐምሌ ላይ ገበያ የሚገኘውም ያው ዱራንታ ይሆናል።